ውሃ የነካው የደላንታ ኦፓል እና በቀዳዳ የሚታጠር ብርሃን

ከደቡብ ወሎ፣ ከደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የወጣ ጥሩ ኦፓል ውሃ ውስጥ ቢነከር የሚሆነው ነገር የማያውቀውን ገዢ ያስደነግጣል። ወተት መሳይ የነበረው ድንጋይ ቀስ በቀስ እየጠራ ይሄዳል። ሲያዞሩት ይፈነጥቅ የነበረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይደበዝዛል፤ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ድንጋዩ ግን አልተበላሸም። አውጥተው በጥላ ቢያስቀምጡት እንደ መጠኑ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይደርቅና ቀለሙ ይመለሳል። ጉዳት የሚያደርሰው ቶሎ ይድረቅ ብሎ ወደ እሳት የሚያስጠጋው ሰው ነው፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ሲወጣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል።

በዚህ ድንጋይ ውስጥ ቀይ ማቅለሚያ የለም፤ አረንጓዴም የለም። ያለው ሲሊካ ነው፤ ሲሊካ ደግሞ እንደ መስኮት መስታወት ቀለም አልባ ነው። ቀለሙን የሚያወጣው አደራደሩ ነው። በ1964 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የአገራቸውን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ገበያ ላይ እንደተከመረ ብርቱካን ረድፍ በረድፍ የተደረደሩ የሲሊካ እንክብሎች አገኙ። የእያንዳንዱ እንክብል ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑ ልብ ይባል። በ2008 የተገኘው የወገል ጤናው ኦፓል የእንክብሎቹ ውስጣዊ ይዘት ከአውስትራሊያው ይለያል፤ ቀለም የሚያወጣበት መርህ ግን ያው ነው። ሁለት ቁሶች በብርሃን የሞገድ ርዝመት ልክ እየተፈራረቁ የሚደረደሩበትን እንዲህ ያለ አሠራር የፊዚክስ ሰዎች ፎቶኒክ ክሪስታል ይሉታል።

ስሙ በአሁኑ ጊዜ የሚነሣው ከጌጣጌጥ ይልቅ ከዳታ ማዕከል፣ ከሌዘርና ከኢንተርኔት መስመር ጋር ነው። «ኤሌክትሮን ቀረ፣ ብርሃን ሊተካው ነው» የሚለው ወሬ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲደጋገም የኖረ ነው። ፊዚክሱ ከሞላ ጎደል ያለቀው ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ያላለቀው በቁሱ ላይ ከሚቦረቦሩት ቀዳዳዎች አንዱን ከሌላው ጋር እኩል የማድረጉ ሥራ ነው፤ ቴክኖሎጂው የት እንደተሳካና የት እንደቀረ የሚወስነውም እሱ ነው።

መንገዱ ለምን ይዘጋል

ለመጀመር አንድ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የስብረት መጠን ይባላል። አንድ ቁስ ብርሃንን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ ይናገራል፦ አየር 1፣ ውሃ 1.33፣ ሲሊካ 1.45፣ ሲሊከን ደግሞ ለኢንተርኔት ፋይበር በሚያገለግለው ብርሃን 3.48 ያህል። (ሲሊካና ሲሊከን አይምታቱ። ሲሊካ የአሸዋና የመስታወት ቁስ ነው፤ ሲሊከን የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት ነው።) ይህ ቁጥር በሚቀየርበት ወለል ሁሉ ጥቂት ብርሃን ይመለሳል። ከአየር ወደ ተራ መስታወት ሲገባ የሚመለሰው 4 በመቶ ነው። አንድ ወለል ብቻ ከሆነ ይህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወለሎቹ ሲበዙና በመካከላቸው ያለው ርቀት ለአንድ ቀለም ልክ ሲሆን ግን የሚመለሱት ሞገዶች ጫፋቸው ይገጥምና ይደማመራሉ።

ይህ የተለመደው ማብራሪያ ነው፤ እውነት ቢሆንም ግማሹን ይተወዋል። ወደፊት የሚሄደውና የሚመለሰው ሞገድ እኩል ሲሆኑ ሞገዱ መጓዙን ያቆማል፤ ባለበት የሚወዛወዝ ቋሚ ሞገድ ይሆናል። ቋሚ ሞገድ ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አለው፤ ምርጫው ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። ወይ የስብረት መጠኑ ከፍ ባለው ቁስ ላይ ያርፋል፣ ወይ በመካከል ባለው አየር ላይ። ከፍ ባለው ላይ ያረፈው በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ በሚወዛወዝበት ብዛት) ይወዛወዛል፤ አየሩ ላይ ያረፈው በከፍተኛ። በሁለቱ መካከል ላለ ፍሪኩዌንሲ በዚያ ቁስ ውስጥ የተዘጋጀ ቦታ የለም። ይህ ባዶ ክልል ባንድ ጋፕ ይባላል። በዚህ ክልል ያለ ብርሃን ሲመጣ ቁሱ አይውጠውም፤ ስለዚህ አያሞቀውም። ብርሃኑ ጥቂት ረድፍ ያህል ይገባና እየደከመ ተመልሶ ይወጣል።

እንግዲህ የሚታጠረው የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚወስነው የድርድሩ ርቀት ነው። አጥሩ ምን ያህል ሰፊና ጠንካራ እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ በሁለቱ ቁሶች የስብረት መጠን መካከል ያለው ልዩነት ነው። የተነከረው ኦፓል ሁለቱንም በአንዴ ያሳያል። 250 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው እንክብሎች ጥቅጥቅ ብለው ቢደረደሩ፣ ሲሊካው ከቦታው 74 በመቶውን ይይዛል፤ ቀሪው 26 በመቶ ክፍተት ነው። ክፍተቱ አየር ሲሆን የድርድሩ አማካይ የስብረት መጠን 1.35 ያህል ይሆናል፤ በቀጥታ ሲታይ የሚመለሰውም 550 ናኖሜትር አካባቢ ያለ አረንጓዴ ነው። እንክብሉ 200 ቢሆን ወደ 440፣ ማለትም ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይወርዳል፤ 300 ቢሆን ወደ 660፣ ወደ ቀይ ይወጣል። ለዚህ ነው ቀይ የሚፈነጥቅ ኦፓል እንክብሉ ትልቅ መሆን ያለበት። አሁን ክፍተቱን ውሃ ይሙላው። አማካዩ ወደ 1.42 ይወጣል፤ ቀለሙ ከ550 ወደ 580 ይንሸራተታል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ልዩነቱ ነው፤ ከ0.45 ወደ 0.12፣ ማለትም ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። አጥሩ ይሳሳል፣ ብርሃኑ ያልፋል፣ ድንጋዩ ይጠራል። ዘይት፣ ሽቶና ባለቀለም ፈሳሽም በዚያው ቀዳዳ ይገባሉ፤ ልዩነቱ እንደ ውሃ ተነው አለመውጣታቸው ነው። አጭበርባሪ የወሎ ኦፓልን በቀላሉ ማቅለም ወይም በጭስ ማጥቆር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በርቀት ቀለም የመቀየሩን ጥበብ እስስት ታውቀዋለች። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት በቆዳው ውስጥ የጓኒን ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረው ይገኛሉ። ሲቆጣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የሚመለሰው ቀለምም ከሰማያዊ ወደ ረጅሙ ሞገድ፣ ወደ ቢጫና ቀይ አቅጣጫ ይሸሻል።

በንብርብር የሚሠራ መስታወት

ቀላሉ ፎቶኒክ ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተደረደረ ንብርብር ነው፤ ሎርድ ሬይሊ ባሕርዩን ያጠናው በ1887 ነው። አሠራሩ፦ የእያንዳንዱ ንብርብር ውፍረት ከተፈለገው የሞገድ ርዝመት ሩብ ይወሰድና ለቁሱ የስብረት መጠን ይካፈላል። ለ550 ናኖሜትር ሲሊካው 95፣ የስብረት መጠኑ 2.4 ያህል የሆነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ 57 ናኖሜትር ይሆናል። በመስታወት ላይ አንድ ጥንድ ብቻ ቢለበጥ ከብርሃኑ 37 በመቶ ያህል ይመለሳል። ሦስት ጥንድ 88፣ አምስት ጥንድ 98፣ አሥር ጥንድ 99.99 በመቶ። በብር የተለበጠ የፊት መስታወት እዚህ አይደርስም፤ ብረት ከሚደርሰው ብርሃን ጥቂቱን ሁልጊዜ ይውጣልና። የታጠረው ክልል ከ475 እስከ 654 ናኖሜትር ገደማ ይዘልቃል። ልዩነቱ አነስተኛ ሲሆን ግን ጥንዱ መብዛት አለበት፦ በስልክ ፊት መለያ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሌዘሮች ከሚሠሩባቸው ቁሶች አንዱ ወደ 3.5፣ ሌላው ወደ 3 ስለሆነ ከ20 በላይ ጥንድ ይፈልጋሉ።

የዚህ መስታወት ድክመት ሲያዘነብሉት ይታያል። ብርሃኑ በሰያፍ ሲመጣ አጥሩ ወደ ሰማያዊ ይንሸራተታል፤ ከጎን ለሚመጣ ብርሃንም በሩ ክፍት ነው። ኦፓል ሲዞር ቀለሙ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። ለጌጥ ውበቱ ይህ ነው፤ ብርሃንን ለማሰር ለሚፈልግ ሰው ግን ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ነው።

በ1987 ሁለት ሰዎች፣ ኢላይ ያብሎኖቪች እና ሳጂቭ ጆን፣ በየፊናቸው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ድርድሩ በሦስቱም አቅጣጫ ቢሆንና ልዩነቱ በቂ ቢሆን ብርሃን በየትኛውም አቅጣጫ የማይሄድበት ክልል ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው ሌዘር ውስጥ ያለ ፍላጎት የሚባክነውን ብርሃን ማፈን ፈልጎ ነበር፤ ሁለተኛው ብርሃን አንድ ቦታ ታግቶ እንዴት እንደሚቀር እየመረመረ ነበር። ሐሳቡን መሥራቱ ግን አልቀናም። በ1989 ተገኘ ተብሎ የተዘገበው ሙሉ አጥር በስሌት ሲመረመር ሙሉ እንዳልሆነ ታወቀ። በ1990 በአሜሪካ የአዮዋ ተመራማሪዎች ሆ፣ ቻንና ሱኩሊስ የአልማዝ አተሞች የሚደረደሩበት ሥርዓት እንደሚሠራ አሰሉ፤ በ1991 ያብሎኖቪችና ባልደረቦቹ አንድ ወጥ ቁስ በሦስት አቅጣጫ በሰያፍ ቦርቡረው ለማይክሮዌቭ ሠሩት። ቀዳዳዎቹ በሚሊሜትር የሚለኩ ስለነበሩ ተራ መሰርሰሪያ በቂ ነበር። የብርሃን እኩልታ መጠን አይመርጥም፤ ሁሉም ነገር በእኩል ቢያንስ ውጤቱም እኩል ያንሳል። ችግሩ ከማይክሮዌቭ ወደ ብርሃን ለመድረስ ከ10,000 ጊዜ በላይ ማሳነስ ማስፈለጉ ነው፤ ለዚያ የሚሆን መሰርሰሪያ የለም።

ኦፓልስ? አይበቃም። እንክብሎቹ እንደ ብርቱካን ሲከመሩ ሙሉ አጥር አይወጣቸውም። ግልባጩ፣ ማለትም እንክብሉ ባዶ ሆኖ ክፍተቱ በጠንካራ ቁስ የተሞላው፣ አጥር የሚያወጣው የቁሱ የስብረት መጠን ከአየሩ ከ2.8 እጥፍ በላይ ሲሆን ነው። በ2000 ይህ በሲሊከን ተሠራ፦ የሲሊካ እንክብሎች በዝግታ እንዲዘቅጡ ይደረጋል፣ በሙቀት ይያያዛሉ፣ ሲሊከን የያዘ ጋዝ በክፍተቱ ይሰርግና ሲሊከኑን ይተዋል፣ በመጨረሻ ሲሊካው በአሲድ ታጥቦ ይወጣል። የተገኘው አጥር ጠባብ ነው፤ ስፋቱ ከመሐሉ ፍሪኩዌንሲ 5 በመቶ ገደማ። ጠባብ በመሆኑ አንድ ረድፍ ቢዛነፍ ይዘጋል፤ እንክብል ሲዘቅጥ ደግሞ ረድፍ መዛነፉ አይቀርም።

ጠፍጣፋው መላ

ተመራማሪዎቹ ያወጡት መላ ሦስተኛውን አቅጣጫ መተው ነው። ስስ የሲሊከን ገበታ ይወሰድና እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ ይደረደራል። በገበታው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚሄደውን ብርሃን ቀዳዳዎቹ ያጥሩታል። ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይወጣ ደግሞ የገበታው ወለል ራሱ፣ እንደ ተራ ፋይበር፣ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ለ1550 ናኖሜትር ብርሃን የሚሠራ ልኬት ይህን ይመስላል፦ ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል 420፣ የቀዳዳው ስፋት 240፣ የገበታው ውፍረት 220 ናኖሜትር።

አሠራሩ ሲዘረዘር ቀላል ይመስላል። ዌፈሩ (ቺፕ የሚሠራበት ስስ ሳህን) ከላይ ሲሊከን፣ ከሥሩ 2 ማይክሮሜትር (2,000 ናኖሜትር) ያህል ሲሊካ አለው። ኤሌክትሮን የሚቀርጸው ቅብ ይቀባል፤ በኤሌክትሮን ጨረር ቀዳዳ በቀዳዳ ይሳላል፤ የተሳለው በማጠቢያ ይገለጣል፤ ሲሊከኑ በፕላዝማ ይቦረቦራል፤ ቅቡ ይነሣል፤ ከሥር ያለው ሲሊካ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይበላና ገበታው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሙሉው ድርድር በራሱ አጥር ብቻ ነው። ሥራ የሚሠራው ሆን ተብሎ በሚተው ጉድለት ነው። አንድ ረድፍ ሳይቦረቦር ቢቀር ብርሃኑ ከዚያ መስመር ወጥቶ የሚሄድበት ስለሌለ ቦይ ይሆናል። ሦስት ቀዳዳ ብቻ ቢተው ኪስ ይሆናል፤ ብርሃኑ ገብቶ ይታጎራል። በ2003 የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሱሱሙ ኖዳ ቡድን ያስተዋለው ነገር ብልህነት ነበረው። ኪሱ ውስጥ ብርሃን የሚያፈሰው በድንገት የሚቆረጥ ጠርዝ ነው። ስለዚህ በኪሱ ሁለት ጫፍ ያሉትን ቀዳዳዎች 60 ናኖሜትር ያህል ወደ ውጭ ገፉና ጠርዙን አለሰለሱት፤ የኪሱ የመያዝ አቅም መለኪያም ወደ 45,000 ወጣ። በ2005 ቀዳዳ መተዉን እንኳ ትተው በቦዩ መሐል ርቀቱን ከ410 ወደ 420 ናኖሜትር ብቻ ቀየሩት፤ 600,000 አገኙ። በ2017 ወደ 11 ሚሊዮን ደርሷል። በጊዜ ሲተረጎም ብርሃኑ ከማይክሮሜትር ጥቂት በሚበልጥ ቦታ 9 ናኖሰከንድ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ በባዶ ቦታ ቢለቀቅ 2.7 ሜትር በሄደ ነበር።

የሚበላሸው የት ነው

ቀዳዳዎቹ መጀመሪያውኑ እኩል ሆነው አይሳሉም። ኤሌክትሮን ከቅቡ ሥር ሲበተን ጎረቤት ቀዳዳን ጭምር ስለሚቀርጽ፣ መሐል ያሉት ዳር ካሉት ይሰፋሉ፤ ዳሩን ተጨማሪ መጠን ሰጥቶ ማስተካከል ግድ ነው። ፕላዝማው ደግሞ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ካልቦረቦረ፣ ቀዳዳው ወደ ታች እየሾጠጠ ከጠበበ፣ የገበታው ላይና ታች መመሳሰሉ ይፈርሳል፤ የታጠረው ብርሃን ወዳልታጠረው ዓይነት ይለወጥና ይፈስሳል። ከአሲዱ በኋላ ውሃው ሲደርቅ የውሃው ገጽታ መሳብ የተንጠለጠለውን ገበታ ጎትቶ ከሥሩ ካለው ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ከተጣበቀ አይላቀቅም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ ስሌቱ ምሕረት የለውም። ልኬቱ ሁሉ በ1 በመቶ ቢስት ቀለሙ በ1 በመቶ፣ ማለትም በ15 ናኖሜትር ይስታል። የቴሌኮም መስመሮች በአንድ ፋይበር ላይ የሚልኳቸው ጎረቤት ቀለሞች ግን ብዙውን ጊዜ 0.8 ናኖሜትር ነው የሚራራቁት። ከዚያ ላለመሳት የ420ው ርቀት በአማካይ ከ0.2 ናኖሜትር በላይ መሳት የለበትም፤ የሲሊከን ክሪስታል መሠረታዊ አሃድ ራሱ 0.54 ናኖሜትር ነው። ከቁሱ ጥራጥሬ ያነሰ ልክ መጠየቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም በማሞቂያ ያስተካክላል፤ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ቀለሙ 0.8 ናኖሜትር ያህል ይንሸራተታል። ይህ መድኃኒትም በሽታም ነው። ጎረቤት ያለው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ሞቆ መስመሩን ወደ ጎረቤት ቀለም ይገፋዋል።

በቦዩ ላይም ያው ነው። ጥሩ ተሠራ በሚባለው ቦይ የብርሃን ብክነት በሴንቲሜትር 2 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ግማሹ ብርሃን በ1.5 ሴንቲሜትር ያልቃል። በተራ የኢንተርኔት ፋይበር ግማሹ እስኪያልቅ 15 ኪሎሜትር ይኬዳል። ብርሃንን ማዘግየት ለሚፈልጉ ደግሞ ዋጋው ይብሳል። በአጥሩ ጠርዝ አካባቢ ብርሃኑ በእርግጥ ይዘገያል፤ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ2005 ከባዶ ቦታ ፍጥነቱ ከ300 እጥፍ በላይ አዘግይተውታል። ነገር ግን አሥር እጥፍ ሲዘገይ ከግድግዳ ሸካራነት የተነሣ ወደኋላ የሚመለሰው መቶ እጥፍ ይሆናል። ብርሃን ቆሞ የሚጠብቅበት መጋዘን የተባለው ተስፋ የወደቀው እዚህ ሒሳብ ላይ ነው።

የቀናቸው

ስኬቱ የተገኘው አንድ ቀዳዳ ቢዛነፍ ብዙ በማይጎዳበት ቦታ ነው። አንዱ ፋይበር ነው። የፊሊፕ ራስል ቡድን በ1996 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ርዝመቱን ሁሉ በቀዳዳ የተሞላ የመስታወት ክር አሳየ፤ በ1999 ደግሞ በባዝ ዩኒቨርሲቲ መሐሉ ባዶ የሆነና ብርሃን በአየር ውስጥ የሚሄድበትን። ቀጫጭን የሲሊካ ቱቦዎች እንደ ችቦ ይታሰራሉ፣ ከመሐል ጥቂቶቹ ይወጣሉ፣ ጥቅሉ ወደ 2,000 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ እየቀለጠ ይሳባል። የጋዙ ግፊት ካነሰ የቀለጠው መስታወት ቀዳዳውን ይዘጋዋል፤ ከበዛ ይነፋዋል። በመስታወት ውስጥ አንድ ኪሎሜትር 4.9 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ በአየር 3.3። ሆኖም ባንድ ጋፕ የሚጠቀመው ክር በ2005 ከደረሰበት በኪሎሜትር 1.2 ዴሲቤል ብዙም አልወረደም፤ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ወለሉ ላይ የሚቀረው ሞገድ መሰል ሸካራነት ያግደዋል።

ማይክሮሶፍት በ2022 ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሉሜኒሲቲ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ፣ በ2024 ደግሞ 15,000 ኪሎሜትር እንደሚዘረጋ ያስታወቀው ባዶ ክር በዜና «ፎቶኒክ ክሪስታል» ሲባል ይሰማል። በጥብቅ ካየነው አይደለም። በውስጡ ድርድር የለም፤ ጥቂት ስስ ቱቦዎች ግድግዳቸው ብርሃኑን ይመልሰዋል። ብክነቱ በኪሎሜትር ከ0.1 ዴሲቤል በታች የወረደውም ብርሃኑ መስታወቱን እምብዛም ስለማይነካ ነው። ከድርድሩ የተወለደ ልጅ ድርድሩን ትቶ ተሳካለት።

ሌላው ስኬት ሌዘር ነው። በ2023 የኖዳ ቡድን 3 ሚሊሜትር ስፋት ካለው አንድ ቺፕ ሳያቋርጥ 50 ዋት የሚሰጥ፣ ጨረሩ 0.05 ዲግሪ ብቻ የሚከፈት ሌዘር አቀረበ፤ ሌንስ ሳይጨመርበት። ቀዳዳዎቹ የሚራራቁት 280 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ከ10,000 በላይ ረድፍ አለ። ብርሃኑ በዚያ ሁሉ ረድፍ ላይ ስለሚካፈል የአንድ ቀዳዳ ስሕተት በሌሎቹ ይዋጣል፤ ኪስ ውስጥ የታጎረ ብርሃን ይህ ዕድል የለውም። የቀረው ሙቀት ነበር። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ መሐሉ ከዳሩ ይልቅ ይሞቃል፣ የስብረት መጠኑ ይጨምራል፣ መሐሉና ዳሩ የሚያጥሩት ቀለም ይለያያል፤ ጨረሩም ይበተናል። ስለዚህ ሠሪዎቹ የቀዳዳዎቹን ርቀት ከመሐል ወደ ዳር አስቀድመው አዛቡት፤ ቺፑ ሲቀዘቅዝ ድርድሩ የተሳሳተ ነው፣ በሙሉ ኃይል ሲሠራና ሲሞቅ ግን ልክ ይመጣል።